ጠያቂ የሌለው ሪፖርት፦ የ1986ቱ የጤና ፖሊሲ ከደጀን ሲታይ

የሰነዱ ርእስ፦ የኢትዮጵያ የሽግግር መንግሥት የጤና ፖሊሲ
የወጣበት ጊዜ፦ መስከረም 1986 ዓ.ም.

በሽግግሩ ዘመን የወጣው የጤና ፖሊሲ ገጹ ጥቂት፣ ዕድሜው ግን ረጅም ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደየቀበሌው የወረዱት፣ ጤና ጣቢያዎች የውስጥ ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት የተፈቀደላቸው፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ13 ወረዳዎች የተሞከረው በዚህ ሰነድ ጥላ ሥር ነው። ስለ ክትባቱና ስለ እናቶች ጤና ብዙ ተብሏል። ይህ ዳሰሳ ሰነዱን የሚመዝነው ግን በሌላ ጥያቄ ነው፦ ሕዝቡ የመረጠው የወረዳ ምክር ቤት የጤናውንና የእንክብካቤውን ሥራ እንዲቆጣጠር ፖሊሲው ምን አስታጠቀው?

ጥያቄውን ከደጀን ሆኖ መመርመር ይጠቅማል። ከተማው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ደጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ከእግሩ ሥር የዓባይ በረሃ ይጀምራል። ወደ ብቸናና ሞጣ የሚያቀናው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ከበረሃው አፋፍ በታች ያለው ቆለኛ ከወባ ጋር ይኖራል፤ ሕመም ሲጸናበት ዳገቱን በቃሬዛም ቢሆን መውጣት አለበት። ደጋው የሌላ በሽታ፣ የሌላ ሥጋት አገር ነው። እንዲህ ባለ ወረዳ መድኃኒቱ የት ይድረስ፣ አምቡላንሱ የት ይቁም፣ ለየትኛው ቀበሌ ይቅደም የሚለው ውሳኔ ከክልል ቢሮ ተልኮ የሚመጣ ሊሆን አይችልም። ቀበሌውን የሚያውቁ ተመራጮች ሊነጋገሩበትና ሊወስኑት ይገባል።

ፖሊሲው ይህን ተረድቶታል፤ ትልቁ ጥንካሬውም እዚህ ላይ ነው። ከአጠቃላይ መርሖቹ ሁሉ ያስቀደመው የጤናውን ሥርዓት ዴሞክራሲያዊ ማድረግንና ሥልጣንን ወደ ታች ማውረድን ነው። የኅብረተሰቡ ውክልና የጎላባቸው የጤና ምክር ቤቶች በየእርከኑ፣ የጤና ኮሚቴዎች ደግሞ በታችኛው እርከን እንዲቋቋሙ፣ ችግርን ከመለየት እስከ በጀት ማቀድና አፈጻጸሙን እስከ መገምገም እንዲሳተፉ ያዛል። ሁሉ ነገር ከማዕከል ሲታዘዝበት ከኖረ ሥርዓት ማግሥት ይህን መጻፍ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ወዲህም ዐማራ ክልል በ1994 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥቱ የወረዳ ምክር ቤትን አጠናክሯል፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም የጥቅል በጀት ወደ ወረዳ ወርዷል። አብዛኛውን ደመወዝ ቢወስደውም፣ በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው።

መጠየቅም ለዚህ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብሩን በመቃወም ጎጃም ሲነሣ ሞጣና ብቸና ከዐመፁ ዋና ዋና ቦታዎች ነበሩ። ያ ትውልድ የሚጠይቅበት ሕጋዊ አደባባይ ስላልነበረው በጠመንጃ ጠየቀ። የ1986ቱ ፖሊሲ ለልጆቹ አደባባዩን ቃል ገባላቸው።

ቃሉ ግን አሠራር አልተበጀለትም። የመጀመሪያው የሰነዱ ጉድለት ይኸው ነው። የጤና ምክር ቤቱን አባላት ማን ይመርጣል? ከመቀመጫዎቹ ስንቱ የታካሚው ወገን ነው? ምክር ቤቱ አይሆንም ያለው ዕቅድ ምን ይሆናል? መልስ የለም። ከፖሊሲው ሦስት ዓመት ቀደም ብላ ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ የጤና ምክር ቤት መቀመጫ እኩሌታው የአገልግሎት ተጠቃሚው እንዲሆን ደነገገች፤ ምክር ቤት ያላቋቋመ ማዘጋጃ ቤትም የፌዴራሉን የጤና ገንዘብ እንዳያገኝ አደረገች። መቀመጫውን በቁጥር፣ ሥልጣኑን በገንዘብ አሰረችው። የኛው ሰነድ ሁለቱንም ለአስፈጻሚው በጎ ፈቃድ ተወ።

በተግባር የተፈጠረው በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ያለው የሥራ አመራር ቦርድ ነው። ቦርዱ ጠቃሚ ነው፤ የውስጥ ገቢው ለመድኃኒት፣ ለውኃና ለጥገና እንዲውል ይወስናል። ሰብሳቢው ግን ብዙውን ጊዜ ከአስተዳደሩ ወገን ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ ተመልሶ በወረዳው ምክር ቤት የማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ከኮሚቴው አባላት ብዙዎቹ ደግሞ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ የሚቆጣጠሩት ደመወዛቸውን የሚከፍለውን አስተዳደር ነው።

በየትኛውም ወረዳ የምክር ቤት ጉባኤ ላይ የተቀመጠ ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። የጤናው ሪፖርት ይነበባል፤ በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች ይህን ያህል በመቶ፣ የተከተቡ ሕፃናት ይህን ያህል፣ መድን ያደሱ አባወራዎች ይህን ያህል። በእጥረት ከታዩት ውስጥ የመድኃኒት አቅርቦት ማነስ በአንድ መስመር ይጠቀሳል። አንዲት የቀበሌ ተወካይ ትነሣና «ገበሬው የመድን ካርዱን ይዞ ሲሄድ መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ ይባላል፤ ታዲያ መዋጮው ለምኑ ነው?» ትላለች። መልሱ «እንደ አገር ያለ ችግር ነው፤ እየተሠራበት ነው» ይሆናል። ሪፖርቱ አስተያየት ተሰጥቶበት ይጸድቃል። በቀጣዩ ጉባኤ ያው መስመር ተመልሶ ይነበባል። የትኛው መድኃኒት፣ ከየትኛው ጤና ጣቢያ፣ ለስንት ቀን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ የሚቀበል ወገን ባለመኖሩ ጥያቄው ከአዳራሹ አይወጣም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ በመቶኛ ሥር የተሸፈነ እጥረትም ፈዋሽ አያገኝም።

ሁለተኛው ጉድለት ከመጀመሪያው ይከብዳል። ፖሊሲው ልዩ ትኩረት ይሰጣቸዋል ብሎ የዘረዘራቸው ቤተሰብን፣ በተለይም ሴቶችንና ሕፃናትን፣ በምርት ግንባር ቀደም የሆኑትን፣ እስከዚያ ችላ የተባሉ አካባቢዎችንና የኅብረተሰብ ክፍሎችን፣ የአደጋ ተጎጂዎችንም ነው። የሚያመርተው ጎልማሳ ስሙ ተጠርቷል። ማምረት ያቆመው አዛውንት፣ አልጋ የያዘው ጎልማሳ፣ ከሰው እጅ የማይወጣው አካል ጉዳተኛ ግን ለብቻው አልተጠራም። ይህ ክፍተት ወደ ታች ሲወርድ ሰፋ። ጤና ኤክስቴንሽኑ ሲነደፍ የያዛቸው 16 ፓኬጆች በንጽሕና፣ በበሽታ መከላከልና በቤተሰብ ጤና ላይ ያተኮሩ ነበሩ፤ በቤት ውስጥ የሚታመም አረጋዊን የሚመለከት የራሱ ፓኬጅ አልነበረም።

በ1987 የጸደቀው የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ የሌላቸውን ልጆች እንዲረዳ አዘዘ። የ1989ኙ የልማታዊ ማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲና የ2007ቱ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም ተከተሉ። ጉዳዩ ግን በሌላ ሰነድ፣ በሌላ ጽሕፈት ቤት ተያዘ። ስትሮክ መቶት አንድ ጎኑ ያልታዘዘለትን አንድ የቆላ ገበሬ እናስብ። ሆስፒታል ደርሶ ነፍሱ ሲተርፍ ጤናው ዘርፍ «ድኖ ወጣ» ብሎ ይመዘግበዋል። ቤቱ ሲገባ እሱን ማገላበጡ፣ የደም ግፊት መድኃኒቱን ማምጣቱ፣ አስታማሚ ሚስቱን ማሳረፉ የማን ሥራ ነው? ማኅበራዊ ጉዳይ የጤናው ነው ይላል፤ ጤናው የማኅበራዊ ጉዳይ ነው ይላል። ሸክሙን የሚሸከሙት ቤተሰብ፣ ጎረቤትና እድር ናቸው። ሁለቱን ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ መጠየቅ የሚችለው ደግሞ የወረዳው ምክር ቤት ነው።

ለፖሊሲው የሚከራከር ሰው ፖሊሲ አቅጣጫ እንጂ ሕግ አይደለም፣ ዝርዝሩ የአዋጅና የመመሪያ ሥራ ነው ሊል ይችላል። እውነት አለው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተነሣው ግጭት ሰላማዊ ስብሰባም፣ የመድኃኒት ማመላለስም ፈተና መሆኑ አይካድም። ኮሚቴ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃም የእንግሊዝ ታሪክ ያስተምራል። እዚያ የአካባቢ ምክር ቤቶች ሆስፒታልን የመመርመር ሥልጣን በሕግ ተሰጥቷቸው ሳለ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 በስታፎርድ ሆስፒታል ሕሙማን ክፉኛ ተበደሉ፤ ነገሩን ያጋለጡት የሟች ቤተሰቦች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የምርመራ ሪፖርት የምክር ቤቶቹን ኮሚቴዎች አጥብቀው ባለመጠየቃቸው ወቅሷል። ኮሚቴዎቹ ከአስታማሚው ይልቅ የሆስፒታሉን አስተዳዳሪዎች አድምጠው ነበርና። እነዚህ ሁሉ ግን ጉድለቱን ያብራሩት ይሆናል እንጂ አይሞሉትም።

የ1986ቱ ፖሊሲ ትክክለኛውን ሐሳብ አስቀድሞ የያዘ፣ ሐሳቡን የሚያስፈጽምበትን ሥልጣን ግን ያልሰጠ ሰነድ ነው። የሚተኩት ሕጎችና መመሪያዎች አራት ነገር ሊያሟሉ ይገባል። ሪፖርቱ ከጉባኤው አስቀድሞ ለቋሚ ኮሚቴው ይድረስ፤ ከመቶኛው ጎን የጠፉ መድኃኒቶችና ያልተመለሱ አቤቱታዎች ይዘርዘሩ። ምክር ቤቱ ለሚያነሣው ጥያቄ ጽሕፈት ቤቱ በተቆረጠ ቀን በጽሑፍ ይመልስ፤ ካልመለሰ የበጀት ጥያቄው አይጽደቅ። ጤናና ማኅበራዊ ጉዳይ በየቀበሌው አልጋ የያዙትን ሰዎች በአንድ መዝገብ ይያዙ፣ በአንድ ላይም ይጠየቁ። በቦርዱና በኮሚቴው ውስጥ ታካሚዎች፣ አስታማሚዎችና የእድር ተወካዮች በቁጥር የተወሰነ መቀመጫ ይኑራቸው። አራቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አስተዳደሩ ለሕዝብ ተወካይ መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ማመኑን ነው፤ ይህ እምነት በሕግ እስካልታሰረ ድረስ የደጀን ቆለኛ መዋጮውን ይከፍላል እንጂ ባለቤት አይሆንም።