ጆሮ ያልሰማውን ዓይን አያነብም፤ ስለ ኖታ ጀማሪዎች ትምህርት

ጽሕፈት ለሰው ልጅ ካስገኘለት ጥቅም አንዱ፣ በአንድ ሰው ልብና አፍ ብቻ ተወስኖ የነበረውን ነገር ከባለቤቱ ሞት በኋላ እንኳ ለሌላው ማድረሱ ነው። ቃል በፊደል እንደሚጠበቅ ሁሉ ዜማም በምልክት ይጠበቃል። የሙዚቃ ኖታ የምንለው የዜማ ፊደል ነው። ይሁን እንጂ ይህ የዜማ ፊደል ለጀማሪዎች የሚሰጥበት መንገድ፣ የአገራችን ሕፃናት ፊደል ከሚቆጥሩበት ከጥንቱ ሥርዓት ወደ ኋላ የቀረ መስሎ ስለሚታየን፣ ጉድለቱን ለማመልከትና ይሻላል የምንለውን ለማቅረብ ይህን ጽሑፍ አሰናድተናል።

ስለ ኖታ በመካከላችን ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን «ኖታ የማያነብ ሙዚቀኛ አይባልም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ኖታ የፈረንጅ ነው፤ የእኛን ዜማ ያበላሻል» ብሎ ይሸሸዋል። የመጀመሪያው አሳብ እውነት ቢሆን፣ በአንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ሕዝብ ሲያስቅና ሲያስለቅስ የኖረው ባለማሲንቆ ከሙዚቀኞች ቍጥር ሊወጣ ነው። ሁለተኛው እውነት ቢሆን ደግሞ፣ ዜማን በምልክት መጻፍ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር ነበር ማለት ነው፤ ይህም ከታሪክ ጋር አይስማማም። ሁለቱም አስተያየቶች የሚመነጩት ከአንድ ስሕተት ይመስለናል፤ ይኸውም ምልክቱን ከድምፁ ለይቶ ማየት ነው።

አንድ ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለትን ትምህርት እንመልከት። አምስት መስመር ይሰመርለትና በስተግራ የሶል ቁልፍ ይጻፍበታል። መስመሮቹ ከታች ወደ ላይ ሚ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ መሆናቸውን፣ በመካከላቸው ያሉት አራት ክፍት ቦታዎችም ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ መሆናቸውን በቃሉ እንዲያጠና ይታዘዛል። ቀጥሎም ሩብ ኖታ አንድ ምት፣ ግማሽ ኖታ ሁለት ምት፣ ሙሉ ኖታ አራት ምት እንደሚቈይ ይነገረዋል። ከዚያ በኋላ ድምፅን በግማሽ ከፍ የሚያደርገው ሻርፕና ዝቅ የሚያደርገው ፍላት ይመጣሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ተማሪው ከጥቂት ወራት በኋላ በሰሌዳው ላይ አንድ ኖታ ሲያሳዩት «ይህ ላ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ «እንግዲያው ድምፁን አሰማን» ሲሉት ግን ዝም ይላል። ስሙን አውቋል፤ ድምፁን አላወቀም። ትርጓሜውን ሳይሰማ ዳዊት እንደሚደግም ልጅ ማለት ነው፤ ንባቡ ይፈስሳል፣ ነገሩ ግን ከልብ አልደረሰም።

ሌላም ጉድለት አለ። በዚህ መንገድ የተማረው ሰው አንድ ኖታ ባየ ቍጥር ከታችኛው መስመር ጀምሮ «ሚ፣ ሶል፣ ሲ» እያለ ወደ ላይ ይቈጥራል። ቈጥሮ እስኪደርስ ድረስ ዜማው ይቋረጣል። የቀድሞ መምህሮቻችን ይህን በሽታ በፊደል ትምህርት አስቀድመው አውቀውት ነበር። ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በተራ ሲወርድ፣ ፊደሉን በመልኩ ሳይሆን በቦታው ብቻ ይዞት ሊሆን ስለሚችል፣ ተራውን የሚያፈርስ አቡጊዳ የሚባል ሌላ አቀማመጥ አበጁለት። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል፣ ተራ ቈጥሮ መድረስ አይቻልምና ልጁ ፊደሉን ራሱን ለይቶ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ታዲያ የኖታ ጀማሪ አቡጊዳው የታለ? መድኃኒቱ ከአንዱ ኖታ ወደሚቀጥለው ያለውን ርቀት በዓይን ለክቶ በጆሮ መስማትን መልመድ ነው። ከመስመር ወደሚቀጥለው ክፍት ቦታ ሲሆን ድምፁ አንድ ደረጃ ይራመዳል፤ ከመስመር ወደሚቀጥለው መስመር ሲሆን ግን አንድ ደረጃ ይዘልላል። ይህን የለመደ ሰው የእያንዳንዱን ኖታ ስም ሳይቈጥር የዜማውን መንገድ ያያል።

ዜማን በምልክት መጻፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም ብለናል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ተከፍሎ ለብዙ ዘመን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ከኖረ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት ምልክቱን እንደ ሠሩለት ይነገራል። በድጓው ንባብ ላይ በደቂቅ ፊደል የሚታየው ምልክት በመቶዎች የሚቈጠር ሲሆን፣ እያንዳንዱ አስቀድሞ ከታወቀ የዜማ ቃል ተቀንጭቦ የተወሰደ ነው። ከዚህም ሌላ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቍርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የሚባሉት ስምንቱ ምልክቶች ድምፁ የሚወርድበትን፣ የሚወጣበትን፣ የሚያዝበትንና የሚቈረጥበትን ሁኔታ ያመለክታሉ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። የዜማ ቤት ተማሪ መጀመሪያ ዜማውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ምልክቱም በጆሮው ያደረውን ዜማ ያስታውሰዋል። ምልክቱ ቀድሞ ጆሮ የተከተለበት ጊዜ የለም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሥርዓት ባለበት አገር፣ የአምስት መስመሩ ኖታ እንዴት በተገላቢጦሽ ሊገባ ቻለ? ምክንያቱን ከአገባቡ ታሪክ መገመት ይቻላል። ይህ ኖታ በአገራችን እግሩን የተከለው በአብዛኛው በሰልፍ ሙዚቃ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው የነሐስ መሣሪያ ባንድ ሲሆኑ፣ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ ወዲህ የተነሡት የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ለአገሪቱ ሙዚቃ ያደረጉት አገልግሎት ታላቅ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የሰልፍ ባንድ ፍላጎቱ ፈጣን ነው። ተጫዋቹ ምልክቱን አይቶ ጣቱን በቶሎ ከመሣሪያው ቍልፍ ላይ ቢያሳርፍ ይበቃዋል። ለባንድ የተስማማው ልማድ በዜማ ትምህርት ለሚጀምር ልጅ ወይም ጐልማሳ ሁሉ ሥርዓት ሆኖ መቅረቱ ግን አይደገፍም።

የሚያስገርመው፣ የአውሮፓው ኖታ አባት ራሱ ትምህርቱን ከታወቀ ዜማ መጀመሩ ነው። በ11ኛው ምእተ ዓመት የነበረው ኢጣሊያዊው መነኩሴ ጊዶ ዘአሬዞ፣ ለመጥምቁ ዮሐንስ የሚዘመረውን አንድ መዝሙር ወስዶ፣ ስድስቱ ሐረጎች እያንዳንዳቸው ካለፈው አንድ ደረጃ ከፍ ብለው እንዲጀምሩ በሆነው ዜማ አማካይነት፣ ከሐረጎቹ መነሻ ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ የሚሉትን ስሞች አወጣ። ኡት ወደ ዶ የተለወጠውና ሲ የተጨመረው ከእርሱ በኋላ ነው። ዘማሪው የማያውቀውን ዜማ ሲያገኝ፣ በልቡ ያለውን መዝሙር እያስታወሰ የድምፁን ቦታ እንዲያገኝ ነበር ዓላማው። ጊዶም በዚህ መንገድ፣ ሌሎች በዐሥር ዓመት የማያደርሱትን ዘማሪ በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት እንደሚያደርስ ጽፏል።

በ20ኛው ምእተ ዓመት ደግሞ ሀንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ (1882–1967) ይህንኑ አሳብ ለአገሩ ልጆች ትምህርት ቤት አዋለው። ኮዳይ እ.ኤ.አ. በ1906 ከቤላ ባርቶክ ጋር የገጠር ዘፈኖች አሳትሞ ነበር፤ በኋላም ልጅ የሙዚቃን ፊደል መማር ያለበት በእናቱ ቋንቋ ከሚዘፈነው የአገሩ ዜማ ጀምሮ ነው ብሎ አስተማረ። ይህም የሕዝብ ዜማን የመጠበቂያ መንገድ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የመልካም አሠራር መዝገብ ተጽፎለታል። በዚህ ትምህርት ሕፃናቱ በመጀመሪያ የሚለማመዱት ግማሽ ድምፅ በሌለባቸው በአምስቱ ድምፆች፣ በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው።

አንባቢያችን እነዚህን አምስት ድምፆች ደጋግሞ ያንጐራጕራቸው እንደ ሆነ፣ የትዝታ ቅኝት መሆናቸውን ወዲያው ይረዳል። ሀንጋሪያዊው ሊቅ ለሕፃናቱ የመረጠው መሰላል፣ ለእኛ ልጅ ከእናቱ ጀርባ ሳይወርድ የሰማው መሰላል ነው። እንዲህ ያለ ሀብት በጆሮው ይዞ ለመጣ ተማሪ፣ ከቶ ሰምቶት የማያውቀውን የባዕድ አገር የልጆች መዝሙር የመጀመሪያ ንባብ አድርጎ ማቅረብ፣ አማርኛ ተናጋሪውን ሕፃን ፊደል በላቲን ቋንቋ እንደ ማስቈጠር ይሆናል።

ስለዚህ የጀማሪ ትምህርት በዚህ ተራ ቢሄድ ይሻላል እንላለን። ተማሪው በመጀመሪያ ትዝታን በድምፁ ያንጐራጕር፤ በክራር ላይም ይፈልገው። ባለስድስት አውታር ክራር ብዙ ጊዜ አምስቱን የቅኝቱን ድምፆች በአምስት አውታር፣ የመነሻውንም ድምፅ ከፍ ብሎ ሲደገም በስድስተኛው ስለሚሰጥ፣ የድምፅን መሰላል በዓይን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ያዜመውን ራሱ በመስመር ላይ ይጻፈው፤ የጻፈውንም መልሶ ያንብበው። ሦስተኛ፣ ድምፆቹን ተራቸውን አፍርሶ እንደ አቡጊዳ ያንብባቸው። ስሙና ደንቡ ከዚህ በኋላ ሲመጡ፣ ጆሮ ለሚያውቀው ነገር የተሰጡ ስሞች ስለሚሆኑ አይከብዱም።

ቲዎሪ የሚባለውም በዚሁ መንገድ ይገባል። ባቲን ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ በሚና በፋ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ፣ በዶና በሚ መካከል ያለው ደግሞ ሁለት ሙሉ ድምፅ መሆኑን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ጕሮሮ ይማራል። የመነሻ ድምፅ ምን ማለት እንደ ሆነም እንዲሁ ይገለጽለታል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት የሚሉት አምስት ድምፆች ከዶ ሲነሡ ዝቅ ያለውን ትዝታ ይሰጣሉ፤ እነዚያኑ ድምፆች አንዳች ሳይለውጥ ከሶል ቢያስነሣቸውና በሶል ላይ ቢያሳርፋቸው ግን አምባሰል ይሆናሉ። ስንት ገጽ ሐተታ የሚፈጀው ትምህርት በአንድ ጊዜ ተሰማ ማለት ነው። ምትን በሚመለከትም፣ መጻሕፍቱ ሁልጊዜ በአራት ምት ይጀምራሉ፤ የችክችካን ምት በትከሻው የሚያውቅ ተማሪ ግን ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት የሚመደቡትን ስድስት ስምንተኛ ኖታዎች ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነባቸው ይችላል።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። የመጀመሪያው «አምስቱ መስመር የማሲንቆን ልዝብ ድምፅና መንቀጥቀጥ ሁሉ ሊይዝ አይችልም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የባለማሲንቆው ጣት በፒያኖ ሁለት ቍልፎች መካከል ሊያርፍ ይችላል። ነገር ግን ፊደልም የተናጋሪውን ቍጣና ሣቅ አይጽፍም፤ በዚህ ምክንያት መጻፍ ይቅር ያለ ግን የለም። ጆሮው አስቀድሞ የሠለጠነ አንባቢ ምልክቱ ያስቀረውን ከልማዱ ይሞላዋል፤ በዓይኑ ብቻ የሠለጠነው ግን የተጻፈውን ብቻ ስለሚያሰማ ዜማው ይደርቅበታል። «ኖታ ዜማችንን ያበላሻል» የተባለውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጥፋቱ የምልክቱ ሳይሆን የአስተማማሩ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ «የእጅ ስልክ እንኳ ድምፅ በሚቀርጽበት በዛሬው ዘመን ኖታ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። የተቀረጸ ድምፅ የአንድን ሰው የአንድ ቀን አዘፋፈን ይጠብቃል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አርባ ተማሪ ላለበት ክፍል ዜማውን ከፍሎ ለማስጠናት፣ የሁለት አውራጃ አዘፋፈን ጐን ለጐን አስቀምጦ ለመመርመር፣ ለዋሽንቱም ለክራሩም የየድርሻቸውን ለማከፋፈል ጽሕፈት ያስፈልጋል። በየገጠሩ የልቅሶ፣ የሠርግና የደቦ ዜማ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። በአጠገባቸው ያለው የትምህርት ቤት መምህር የሰማውን ጽፎ ማስቀረት ቢችል፣ ከእነርሱ ጋር ወደ መቃብር የሚወርደው ጥቂት ይሆን ነበር።

ይህ ትምህርት ለሕፃናት ብቻ የተወሰነ አይደለም። «ዕድሜዬ አልፏል» የሚል የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ወይም መምህር ቢኖር፣ ጆሮው ከልጁ ይልቅ ብዙ ዜማ ያጠራቀመ መሆኑን እንዲያስብ እንመክረዋለን። የጐደለው ለዚያ ሀብት መጻፊያ የሚሆነው ፊደል ነው፤ ፊደሉም አምስት መስመርና ጥቂት ምልክት ነው። ለጀማሪዎች መጽሐፍ የሚያሰናዱና ሥርዓተ ትምህርት የሚያወጡ ሁሉ፣ የመጀመሪያውን ገጽ በስምና በደንብ ከመሙላት ይልቅ ተማሪው በሚያውቀው በአንድ ትዝታ እንዲከፍቱት እናሳስባለን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይህ ነው።