አልጋና እልፍኝ፦ የገነተ ልዑል መኝታ ቤት እንደ ድርሰት ሲነበብ

የሥነ ጽሑፍ ሒስ ስለ ንጉሥ መኝታ ቤት ምን አገባው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ቦታም ይነበባል፤ በተለይም ሰዎች ሆን ብለው ጠብቀው፣ አስተካክለውና በር ከፍተው «እዩት» ያሉት ቦታ የድርሰትን ያህል ምርጫ አለበት። ምን ታየ፣ ምን ተተወ፣ በማን ዓይን ታየ ብለን ልብ ወለድን የምንጠይቀውን ያህል ክፍሉንም መጠየቅ እንችላለን። ይህ ጽሑፍ በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ ተጠብቆ የቆየውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንና የእቴጌ መነንን መኝታ ክፍል በዚህ መንገድ ለማንበብ ይሞክራል።

መነሻው አንድ የክፍል ሥራ ነው። ከዓመታት በፊት የልብ ወለድ አጻጻፍ ተማሪዎቼን ወደ ሙዚየሙ ወስጄ ያዩትን መቼት በአንድ ገጽ እንዲገልጹ አዘዝኋቸው። ጽሑፎቹ ሁለት ወገን ሆኑ። አንደኛው ወገን ቅንጦትን አየ፤ ሕዝቡ ሲራብ ንጉሡ እንዲህ ይተኙ ነበር አለ። ሁለተኛው ወገን ትሕትናን አየ፤ የዚያን ያህል የገነኑት ንጉሥ እንደ ማንኛችንም ተኝተው የሚነሡ ሰው ነበሩ ብሎ አዘነ። ያዩት ግን አንድ ክፍል፣ አንድ ዕቃ ነው። አንዲት ተማሪ ብቻ መግለጫውን ትታ «ይህን አልጋ ጠዋት ጠዋት ያነጥፍ የነበረው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ጽፋ መለሰች። መመሪያውን አልተከተለችም ብዬ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠኋት። በዚያ ነጥብ ላይ ያለኝን አሳብ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። «አልጋ» በአማርኛ መኝታ ብቻ አይደለም፤ መንግሥትም ነው። አልጋ ወራሽ የምንለው የአባቱን መኝታ የሚወርሰውን ሳይሆን ዘውዱን የሚወርሰውን ነው። ንጉሥ አልጋ ይይዛል፣ ከአልጋው ይወርዳል። ስለዚህ የንጉሥን አልጋ ቆሞ የሚያይ የአማርኛ ተናጋሪ፣ ቋንቋው ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ቋጥሮ እንደ ሰጠው ማስተዋል አለበት። የግል ኑሮና የአደባባይ ሥልጣን በየፊናቸው የቆሙ ናቸው የሚለውን አሳብ ቃሉ ራሱ አይቀበለውም።

የቤቱ አከፋፈልም ይህንኑ ይናገራል። አዳራሽ ግብር የሚገባበት፣ ሹመትና ሽረት የሚነገርበት የብዙኀን ቦታ ነው። እልፍኝ ጥቂቶች የሚጠሩበት ነው። ጓዳ ደግሞ ሠራተኛው ብቻ የሚያውቀው ነው። ከቤተ መንግሥት ማዕርጎች አንዱ «እልፍኝ አስከልካይ» ይባል እንደ ነበር እናስታውስ፤ ሥራው በስሙ ላይ ተጽፏል። ሥልጣን በዚህ ሥርዐት የሚለካው ንጉሡን በማየት ሳይሆን ሌላው እንዳያይ በማድረግ ጭምር ነው። በ1520 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ መጋረጃው ነው፤ ንጉሡ የሚታዩት መጋረጃው ሲገለጥ ብቻ ነበር። በምኒልክ አዳራሽም ንጉሠ ነገሥቱ በመጋረጃ ተከልለው ይመገቡና ኋላ መጋረጃው ሲገለጥ ሌላው ወገን በየተራው ይገባ ነበር።

የዜና መዋዕል ጸሐፊዎቻችን ይህን መጋረጃ በብዕራቸው ጭምር አክብረዋል። ዘመቻውን፣ ግብሩን፣ ሹመቱንና የቤተ ክርስቲያን ተከላውን በስፋት ይተርካሉ፤ ወደ እልፍኝ ግን እምብዛም አይዘልቁም። በስደት ዘመን መጻፍ የተጀመረው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» እንኳ ርእሱ ሕይወትን ቢያስቀድምም ሚዛኑ የሚያደላው ወደ እርምጃው፣ ወደ አደባባዩ ጉዳይ ነው። ይህ ጉድለት ነው ለማለት እንቸኩል ይሆናል። ነገር ግን ባህሉ «ገመና» የሚል ቃል አለው። የሰውን ገመና መሸፈን ነውር አይደለም፤ ጨዋነት ነው።

ችግሩ የሚመጣው የንጉሥ ገመና የአገር ጉዳይ ሲሆን ነው። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ከወደቁ በኋላ የመንግሥቱ ማእከል ከአዳራሹ ወደ መኝታ ክፍሉ ተዛወረ። ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል፣ ንጉሡ ምን አሉ የሚለው ጥያቄ የሥልጣን ጥያቄ ሆነ። እቴጌ ጣይቱ በመጋቢት 1902 ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉ ሲደረግ «በሽተኛውን አስታሚ» የሚል ሥራ ተተወላቸው። ንጉሡ በታኅሣሥ 1906 ሲያርፉም ሞታቸው በይፋ አልተነገረም። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ጸጥታ ከማንኛውም ዐዋጅ ይልቅ የአገሪቱን ዕድል ወስኗል። ይህን ዘመን የሚጽፍ ደራሲ የአልጋውን ልብስ ከመግለጽ ይልቅ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ቢገልጽ የበለጠ ይነግረናል።

ወደ ገነተ ልዑል እንመለስ። ሕንጻው በ1920ዎቹ አጋማሽ ተሠራ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የፋሺስቱ እንደራሴ መቀመጫ ሆነ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለውና ጭፍጨፋው የጀመረው በዚሁ ግቢ ነው። ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱበት። በታኅሣሥ 1953 የመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ሲከሽፍ ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን የመሰሉ ታጋቾች በሕንጻው አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ። ከአንድ ዓመት በኋላ ቤቱ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ እቴጌ መነን በየካቲት 1954 ዐረፉ። እንግዲህ የተነጠፈው አልጋ የአንድ ሌሊት ዕረፍት ምልክት አይደለም። ከፎቁ በታች ደም ፈስሷል፤ ሌላ ባለሥልጣን በመካከል ኖሮበታል። አልጋው ራሱ ግን ይህን አይናገርም፤ ንጹሕ ነው። ዕቃ በራሱ አይተርክም፤ ተራኪ ይፈልጋል።

የተማሪዎቼም ሁለት ንባቦች ከዕቃው የመጡ አልነበሩም። ቅንጦት የሚለው ንባብ ታሪክ አለው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ የወሎን ረኀብ ከቤተ መንግሥቱ ድሎት ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከአልጋቸው ወረዱ። ረኀቡ እውነት ነበር፤ የረኀቡና የድሎቱ ጎን ለጎን መቀመጥ ግን የአቀናባሪ ሥራ ነው። ትሕትና የሚለው ንባብ ደግሞ ለዚያ የተሰጠ የዘገየ መልስ ነው። ንጉሡ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ታስረው ነሐሴ 21 ቀን 1967 ሞቱ፤ ዐፅማቸው በ1984 ከዚያው ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፣ በጥቅምት 1993 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ይህን የሚያውቅ ጎብኚ ባዶውን አልጋ አይቶ ቢያዝን አይፈረድበትም። ኀዘንም ቢሆን ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ ንባብ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የታላቁ ቤተ መንግሥት ክፍሎችም በአንድነት ፓርክ ለሕዝብ ተከፍተዋልና ጉዳዩ የአንድ ሙዚየም ብቻ አይደለም።

በታሪካዊ ልብ ወለድ ጀማሪዎቻችን ዘንድ የማየውም ድካም ይኸው ነው። ቤተ መንግሥት ሲገልጹ ወርቅ፣ ከፋይና መስተዋት ይከምራሉ፤ ገጸ ባሕርያቱም በዕቃው መካከል እንደ ጎብኚ ይዘዋወራሉ። የውስጥ ጌጥ ለድርሰት የሚጠቅመው በሰውና በሰው መካከል ያለውን ዝምድና ሲገልጥ ነው፤ መጋረጃው የሚጠቅመው ማን እንደሚገልጠው ስናውቅ ነው፤ በሩም ማን እንደሚያስከለክለው ስናውቅ ነው።

ያቺ ተማሪ ያየችው ይህን ነው። ከአዳራሹም ከእልፍኙም አልፋ ጓዳውን ጠየቀች። አልጋውን ያነጠፈው ሰው የንጉሡን ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣትና ጸሎት ከዜና መዋዕል ጸሐፊው ይልቅ ያውቅ ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ ግን የእርሱ አንዳች ዕቃ አልተቀመጠም። ጥያቄዋ መመሪያዬን አልተከተለም፤ መመሪያዬ ግን ክፍሉን በጎብኚ ዓይን ብቻ እንድታይ የሚያዝ ነበር። ዛሬ ያንኑ ሥራ ስሰጥ ተማሪዎች የሚያዩትን እንዲገልጹ አልጠይቅም። በክፍሉ ውስጥ የሌለውን አንድ ሰው ስም ሳያወጡ በሥራው ብቻ እንዲያስገቡት እጠይቃለሁ።