የጅራቱ አጥንት አይጣል

ትንንሽ አጥቢ እንስሳትን ለሙዚየም ወይም ለማስተማሪያ ስናዘጋጅ ከቀደሙት ከወረስናቸው ልማዶች አንዱ የጅራትን አጥንት ከቆዳው መዝዞ ማውጣት ነው። ከጅራቱ ሥር ያለው ቆዳ በጥቂቱ ይላቀቃል፤ አጥንቱ በአንድ እጅ ጠበቅ ተደርጎ ይያዛል፤ ቆዳው በሌላው እጅ ሁለት ጥፍሮች መካከል ታፍኖ ወደ ጫፉ ይገፋል፤ ከዚያ አጥንቱ ጎራዴ ከአፎቱ እንደሚመዘዝ ባንድ ጊዜ ሾልኮ ይወጣል። ባዶው ቆዳ ጥጥ በተጠቀለለበት ሽቦ ይሞላል፣ መለያው ላይ የጅራቱ ርዝመት በሚሊሜትር ይጻፋል። አጥንቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥጋው ጋር ይጣላል። እንስሳው በሕይወት ሳለ እንዴት ይንቀሳቀስ እንደነበር የሚነግረን መለያው ላይ ከሰፈረው ርዝመት ይልቅ ይኸው የጣልነው አጥንት ነው።

እንሰት በሚበቅልበት በጊምቢቹ ዙሪያ ያሉትን እንስሳት ብቻ ለሚመለከት በማስመሪያ የተለካው ርዝመት የሚበቃ ይመስላል። እንሰትን ከሥሩ እየበላ ገበሬውን የሚያስመርረው ፍልፈል አፈሩን በጥርሱ እየፈለፈለ በጠባብ ጉድጓድ ይኖራል፤ እዚያ ውስጥ ጅራት የሚወናጨፍበት ቦታ የለም፣ ጅራቱም አጭር ነው። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የምትዘለው የዛፍ ሽኮኮ ደግሞ ጅራቷ ረጅምና ጎፈሬ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ልክ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆውና ወደ ምሥራቁ ደረቅ ቆላ ሲወረድ ግን ሌላ ይመጣል። የመሬት ሽኮኮ ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖር ናት፣ ኑሮዋም በዛፍ ላይ አይደለም፤ ጅራቷ ግን ረጅምና ጸጉራም ነው። በደቡብ አፍሪካ ያለችው ዘመዷ በቀትር ፀሐይ ጅራቷን ጀርባዋ ላይ አጥፋ እንደ ጥላ ትይዘዋለች። ርዝመትና ጸጉር ከዝላይ ጋር ለማይገናኝ ሥራም ይውላሉ ማለት ነው።

አጥንቱ ግን እንዲህ በቀላሉ አያሳስትም። ከዳሌው የሚነሱት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት አከርካሪዎች አጠርና ሰፋ ያሉ፣ በግራና በቀኝ ክንፍ ያላቸው፣ እርስ በርስ በመገጣጠሚያ የተያያዙ ናቸው። ጥቂት ወረድ ሲባል ክንፉም መገጣጠሚያውም እየከሰመ ይሄዳል፤ የሚቀረው መሃሉ የቀጠነ፣ ሁለት ጫፉ የወፈረ፣ ረዘም ያለ አጥንት ነው። ሥጋው የተከማቸው ጅራቱ ሥር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚዘረጉት ቀጫጭን ጅማቶች ናቸው። ጉልበቱ ሥሩ ላይ፣ ቅለቱ ጫፉ ላይ ስለሆነ ጅራቱ ፈጥኖ ይወናጨፋል። አየር ላይ ያለ እንስሳ የሚረግጠው ነገር የለውምና ጅራቱን ወደ አንድ ጎን ሲያዞር ገላው በተቃራኒው ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2012 አጋማ በሚባለው እንሽላሊት ላይ የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ መነሻው አንሸራትቶት ገላው በግንባሩ ሊደፋ ሲል ጅራቱን ወደ ላይ አንስቶ ራሱን ያቃናል።

ከሁሉ የሚያሳምነኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ዲር ማውስ በሚባሉት የሰሜን አሜሪካ አይጦች ላይ የወጣው ሥራ ነው። የጫካዎቹ አይጦች ከሜዳዎቹ ይልቅ ረጅም ጅራት አላቸው። ርዝመቱ የመጣው ግን በሁለት መንገድ ነው፦ አከርካሪዎቹ በቁጥር በዝተዋል፣ እያንዳንዱም ረዝሟል። ሁለቱ ባሕርያት በዘር ውርስ ተነጣጥለው እንደሚተላለፉም ታይቷል። መለያ ላይ የተጻፈ አንድ ቁጥር ይህን ሁሉ ይደፍነዋል።

ጅራት ለመውጣትና ለመዝለል ይህን ያህል ካስፈለገ የገደል ሽኮኮ ያለ ጅራት እንዴት ቋጥኝ ላይ ይሮጣል? ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። እርሱ የዝሆን እንጂ የአይጥ ዘመድ አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራለት እርጥብና ለስላሳ የእግሩ መዳፍ ነው። ጅራቷ የተቆረጠ የዛፍ ሽኮኮም በሕይወት ትኖራለች። መኖር ግን አንድ ነገር ነው፣ እንደ ቀድሞው መዝለል ሌላ። በርግጥ ጅራት ብቻውን ሁሉን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2021 በካሊፎርኒያ ሽኮኮዎች ላይ የተደረገው ሙከራ እንስሶቹ ከመዝለላቸው በፊት የቅርንጫፉን መታጠፍና የክፍተቱን ስፋት እንደሚያመዛዝኑ አሳይቷል። ስለዚህ የጅራት አጥንት ከእግሩና ከዳሌው አጥንት ጋር አብሮ መነበብ አለበት፤ ይህ ደግሞ መላውን አጽም ለማስቀመጥ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

የሙያ ባልደረቦች አጥንቱ ቆዳው ውስጥ ከቀረ ይበሰብሳል ይላሉ፤ እውነት ነው። ይውጣ፣ ግን በዚያው የናሙና ቁጥር ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ1927 በግልገል ዓባይ ምንጭ አካባቢ የተያዘው የውሃ አይጥ እስካሁን በአንድ ናሙና ብቻ ይታወቃል፤ እንዲህ ያለ እንስሳ እጃችን ሲገባ የትኛው አጥንት ነገ እንደሚፈለግ አስቀድመን መምረጥ አንችልም። ወጪውም ከቁራጭ ሻሽ አያልፍም። የጅራቱ አጥንት ሥጋው እንዲለቅ ውሃ ውስጥ ከመዘፍዘፉ በፊት በሻሹ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ ያለዚያ የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉት የመጨረሻዎቹ አከርካሪዎች ውሃው ሲደፋ አብረው ይሄዳሉ።