ባለቤቱ ማን ነው? በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሚሰጡት የሰዋስው ስሞች የቀረበ ሂስ

የመጀመሪያ ደረጃ የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ሰዋስውን ሲያስተምሩ አስቀድመው ስሙን፣ ቀጥለው ፍቺውን፣ በመጨረሻም ምሳሌውን ማቅረብ ልማዳቸው ነው። ተማሪውም ፍቺውን በቃሉ ከያዘ ዐወቀ ይባላል። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የወደድነው ይህ አካሄድ በሐዋሳ ከተማ በቡሹሎ ለሚያድግ ሕፃን ምን ያህል እንደሚረዳው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከፈቀደ ወዲህ፣ በሲዳማ ብዙው ልጅ ትምህርቱን የሚጀምረው በላቲን ፊደል በሚጻፈው በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛ ለእርሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። እንግዲህ የሰዋስዉ ስም ሁለት ጊዜ እንግዳ ይሆንበታል፤ ቃሉ ግዕዝ፣ ማብራሪያው አማርኛ።

ስሞቹን ራሳቸውን አንነቅፍም። ብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት «ያማርኛ ሰዋስው» ቃላትን በስምንት ክፍል ከፍሎ፣ ከግዕዝ ሊቃውንት የተወረሱትን ስሞች ለዘመናዊው ትምህርት ቤት አመቻችቶ አቅርቧል። ስሞቹም ሲፈቱ ትርጉማቸው ግልጽ ነው፤ ተውላጠ ስም የስም ልዋጭ፣ ተውሳከ ግስ የግስ ጭማሪ፣ መስተጻምር አጣማሪ ማለት ነው። ለልጁ ይህን የሚፈታለት መምህር ካገኘ ግማሹ ችግር ይቃለላል። ያልተፈታ እንደ ሆነ ግን ቃሉ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የማይታወቀው ቃል ሳይሆን የሚታወቀው ነው። «ባለቤት» የሚለውን እንውሰድ። አማርኛ ጥቂት የለመደ ልጅ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ንብረት ያለው ሰው ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ «የልጁ መረብ ተቀደደ» ብሎ ጽፎ ባለቤቱ ማን ነው ብሎ ይጠይቅ። ልጁ «ልጁ ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱም ትክክል ነው፤ መረቡ የልጁ ነውና። በመጽሐፉ ግን ስሕተት ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት መረቡ ነው። ልጁን ለማረም ወደ ፍቺው ብንሄድ «ባለቤት ድርጊቱን የሚፈጽም ነው» የሚል እናገኛለን። መረቡ ታዲያ ምን ፈጸመ? ተቀደደ እንጂ አልቀደደም። ስለዚህ ልጁ ቃሉን ቢከተል ይሳሳታል፣ ፍቺውን ቢከተልም ይሳሳታል። መምህሩም ነገሩን የሚያስረዳበት ሲያጣ «ዝም ብለህ ያዝ» ከማለት በቀር ምን ይበል?

መፍትሔው ግን በአማርኛው ውስጥ ተቀምጧል። ዓረፍተ ነገሩን በብዙ ቁጥር ይለውጡት። «የልጆቹ መረብ ተቀደደ» ቢባል ግሱ አይነቃነቅም። «የልጁ መረቦች ተቀደዱ» ቢባል ግን ወዲያው ይለወጣል። ግሱ የሚታዘዘው ለመረቡ እንጂ ለልጁ አይደለም። ይህን የአሥር ዓመት ልጅ በራሱ አፍ ሞክሮ ሊያገኘው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ «ግሱን የሚያዝዘውን ባለቤት እንለዋለን» ቢባል ስሙ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

ስለ ተሳቢም የሚነገረው ከዚህ አይሻልም። «ን» ምልክቱ ናት ይባላል፤ «ልጁ ዓሣውን ያዘ» ሲባል በእርግጥ አለች። «ልጁ ዓሣ ያዘ» ሲባል ግን የለችም፤ ዓሣው ግን ያው የተያዘው ነው። የታወቀውንና ያልታወቀውን ሳይለዩ ምልክትን ብቻ ማስተማር ልጁን ያሳስታል።

በቡሹሎ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። አማርኛ ምልክት የሚያደርገው በተሳቢው ላይ ሲሆን በሲዳምኛ ግን የስሙ መሠረታዊ መልክ ለተሳቢው ያገለግላል፤ ተባዕታይ ስም ባለቤት በሆነ ጊዜ ነው መጨረሻው የሚለወጠው። ስለዚህ በሲዳምኛ ያደገ ልጅ ባለቤትንና ተሳቢን መለየት አልተሳነውም፤ ምልክቱን የለመደው በሌላው ወገን ነው። ይህን የሚያውቅ መምህር ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያስጨብጠውን፣ የማያውቅ መምህር በፍቺ ብዛት ዓመቱን ሙሉ ሊያደክምበት ይችላል።

በአንጻሩ «ማሰሪያ» የሚለው ስም ያለ ብዙ ድካም የሚገባ ይመስለናል። ሲዳምኛም እንደ አማርኛ ግሱን በመጨረሻ ያኖራል፤ ንግግሩ የሚታሰረው በግሱ እንደ ሆነ ልጁ በቤቱ ያውቀዋል። (በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ማሰሪያው መካከል ገብቶ ሲያገኘው መደነቁ አይቀርም፤ እርሱም ጥሩ ትምህርት ነው።)

ስለ ክፍሎቹ ቁጥር የሚደረገው ክርክር ለዚህ ዕድሜ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም። ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባወጡት «የአማርኛ ሰዋስው» ተውላጠ ስምን ከስም፣ መስተጻምርን ከመስተዋድድ ጋር አዋሕደው አምስት ክፍል ብቻ አስቀርተዋል፤ ምክንያታቸውም ቃሉ በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚይዘውን ቦታ የተከተለ ስለ ሆነ ያሳምነናል። ነገር ግን «ስንት ናቸው?» የሚል የፈተና ጥያቄ ለአራተኛ ክፍል ልጅ ማቅረብ፣ ስምንት ቢልም አምስት ቢልም ቋንቋ ማወቁን አያስረዳም። በዚያ ጥያቄ ፈንታ «የልጁ መረብ ተቀደደ» የሚለው ተሰጥቶት ግሱን ወደ «ተቀደዱ» የሚለውጠው የትኛው ቃል እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ «ባለቤት» የሚለው ስም በሚቀጥለው ሳምንት ቢመጣ ምንም አይጎድልበትም።