ጥቀርሻና እውነት
የባቡር አምሳያዎችን ስለ ማስረጀት ጥበብ

የኪነ ጥበብ ሥራ የሚመዘነው በማማሩ ብቻ ሳይሆን ከእውነተኛው ኑሮ ጋር ባለው ዝምድናም ጭምር ነው። ይህ መመዘኛ ለሥዕል፣ ለቅርጻ ቅርጽና ለቴአትር የተለመደ ቢሆንም፣ እንደ ጨዋታ በሚቆጠሩ የእጅ ሥራዎች ላይ ሲውል እምብዛም አይታይም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ አያሌ አማተሮች የሚያዘወትሩት የባቡር አምሳያ ሥራ ግን ከዚህ ምዘና የሚያመልጥበት ምክንያት የለም። በተለይም አዲሱን አምሳያ ሆን ብሎ የማስረጀት፣ ማለትም ጥቀርሻ፣ ዝገትና አቧራ የማልበስ ልማድ አንድ የሥነ ውበት ጥያቄ ያስነሣል። ይኸውም እድፍ እውነት የሚሆነው መቼ ነው? ባዶ ጌጥ የሚሆነውስ መቼ ነው? የሚለው ነው።

በስፋት በሚሠራበት የ1 ለ 87 ልክ፣ 15 ሜትር ርዝመት ያለው ፉርጎ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ የ25 ሚሊ ሜትር የብሎን ራስ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፋብሪካ የሚወጣው አምሳያ የሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀባ፣ የእጅ መደገፊያው ከአካሉ ጋር በአንድነት በፕላስቲክ የፈሰሰ ነው። አማተሩ ይህን መደገፊያ ቆርጦ ያነሣና በቀጭን ሽቦ ይተካዋል። ቀጥሎም በውሃ የቀጠነ ቀለም በየስንጥቁ ያሰርጋል፤ በደረቅ ብሩሽ ጠርዞቹን ይዳስሳል፤ የጠመኔ ዱቄት ይነሰንስና ብርሃን በማያንጸባርቅ ቫርኒሽ ያጸናዋል።

ይህን ልማድ ካስፋፉት ቀዳሚዎች አንዱ አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጆን አለን (እ.ኤ.አ. 1913–1973) ነበር። አለን በካሊፎርኒያ ግዛት በሞንተሬይ ከተማ፣ በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሱ ተራሮች፣ ገደሎችና ድልድዮች ያሉበት የባቡር ገጸ ምድር ሠራ። ስሙን «ጎሬ ኤንድ ዳፌቲድ» አለው፤ ይህም ሲነበብ «በደም የተለወሰና ድል የተነሣ» ከሚል የእንግሊዝኛ አነጋገር ጋር የሚገጥም የቀልድ ስም ነው። ባቡሮቹን የሚያንቀሳቅሱት በእንግድነት የሚመጡ ወዳጆቹ ሲሆኑ፣ ሥራቸውም እንደ እውነተኛው ባቡር በጊዜ ሰሌዳ የሚመራ ነበር።

የአለን ሥራ ጥንካሬ እድፉ ምክንያት ያለው መሆኑ ነው። በእንፋሎት የሚሠራ ሎኮሞቲቭ በዘፈቀደ አይቆሽሽም። ጥቀርሻው ከጭስ መውጫው ጀምሮ ወደ ኋላ ይነጠፋል፤ ውሃ ከቦይለሩ በሚያፈተልክበት ስፍራ ነጭ የኖራ ጅረት ይወርዳል፤ የፍሬን ብናኝ መንኮራኩሩንና የሥሩን ብረት ያቀላዋል። የሃዲዱ ጎን ሲዝግ አናቱ ግን መንኮራኩር ዘወትር ስለሚፍቀው እንደ ብር ያበራል። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ የሥራ ታሪክ ናቸው። ከሰል የሚማግደው ሠራተኛ በአምሳያው ላይ ባይታይም፣ ደክሞ የዋለበት ነገር ግን ይነበባል። ቅርጹ ይዘቱን የሚገልጸውም በዚህ ጊዜ ነው።

ይሁንና የአለን ዓለም ግልባጭ ብቻ አልነበረም። በጣቢያው ፉርጎ እንዲጎትት የተመደበ አንድ ስቴጎሳውረስ፣ ማለትም ከምድር የጠፋ ጥንታዊ እንስሳ ነበረው። ይህ ቀልድ በእውናዊነት ላይ የተፈጸመ ክህደት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን እንስሳው ሊታመን የበቃው በዙሪያው ያለው ዝገትና አቧራ የታመነ በመሆኑ ነው።

በዚህ አንጻር የሚቆመው በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድሺር የሚገኘው የፔንደን ሙዚየም ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ሮይ ኢንግላንድ እ.ኤ.አ. በ1954 የመሠረተው ይህ ሙዚየም፣ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የነበረውን የነጭ ፈረስ ሸለቆ የገጠር ኑሮ በ1 ለ 76 ልክ ይዘክራል። ጎጆዎቹ በእውነት በነበሩ ቤቶች አምሳል የተሠሩ ናቸው። አለን ያልነበረ አገር ፈጥሮ ሲያሳምን፣ ፔንደን የነበረውንና በመለወጥ ላይ ያለውን አገር መዝግቦ ያቆያል። አንዱ ወደ ቴአትር፣ ሌላው ወደ ታሪክ ያዘነብላል፤ ሁለቱም ግን በቅርብ አስተውሎ ማየትን መሠረት አድርገዋል።

ጉድለቱ የሚመጣው ማስተዋሉ ቀርቶ ዘዴው ብቻ ሲወረስ ነው። የብዙ ተከታዮች ፉርጎዎች ሁሉ እኩል ያረጁ፣ እኩል የዛጉ ናቸው። በእውነተኛ ጣቢያ ግን ትናንት የተቀባውና ሃያ ዓመት ያገለገለው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከዚህም የከፋው ፍርስራሽን ለፍርስራሽነቱ መውደድ ነው፤ የዘጋ ፋብሪካ፣ የተጣለ ሎኮሞቲቭ፣ የወደቀ አጥር እንደ ቅመም ይበተናሉ፤ እንጀራቸውን ከዚያ ይበሉ የነበሩት ሰዎች የት እንደ ደረሱ ግን የሚጠይቅ የለም። ሰው በገጸ ምድሩ ላይ መጨረሻ የሚጣበቅ፣ እጁን አንሥቶ የቀረ ምስል ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ዝገት የሠራተኛውን ድካም ከመናገር ይልቅ ይሸፍነዋል።

እድፍ አገርም አለው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲ መሥመር በአምሳያ ለመሥራት የሚነሣ ሰው፣ የ1 ሜትሩን የሃዲድ ስፋት በ1 ለ 87 ልክ ወደ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ያወርዳል። ይህ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ከባዱ ቀለሙ ነው። በአሜሪካ ከሰል ጥቀርሻ የጠቆረ አምሳያ የዚህ መሥመር ሊሆን አይችልም። ለገሃርንና የድሬዳዋን የባቡር ጥገና ቤት የሚያውቅ ተመልካች፣ ከቆላው ሜዳ የተነሣ አቧራ፣ የናፍጣ ጭስና ፀሐይ የበላው ቀለም ይጠብቃል። መጽሐፍ አገላብጦ መቀባት አይበቃም፤ ወርዶ ማየት፣ መሥመሩ ላይ የሠራ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

አለን እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ዓረፈ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በቤቱ በተነሣ እሳት ያ ገጸ ምድር በአብዛኛው ወደመ። ከሥራው የተረፈው በዋናነት እርሱ ራሱ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ናቸው፤ ሊን ዌስትኮት ያዘጋጀው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1981 ታትሞ ሥራውን ለተከታዮቹ አስተላልፏል። ተከታዮቹ ከፎቶግራፎቹ የቀለሙን አቀባብ በቀላሉ ተማሩ። ሊማሩት የሚገባው ግን ከዚያ በፊት የሚመጣው ነው፤ አንድ ጠብታ ዝገት ከማኖር አስቀድሞ ይህ ብረት ምን ሲሠራ ዋለ? ከማንስ ጋር? ብሎ መጠየቅ። ለሥዕል መምህርና ለተማሪዎቹ የሚጠቅመው ትምህርትም ይኸው ነው፤ ለመጀመሪያው ልምምድም ውድ አምሳያ አያሻም፤ አንድ ያገለገለ መዶሻና የሚያስተውል ዓይን ይበቃሉ።