የኮሶው ቅርንጫፍ የማን ነው?

ኮሶን መጀመሪያ ያወቅሁት ከአያቴ አፍ ነው። «እንደ ኮሶ የመረረ» ስትል ፊቷ የሚጨማደደው ለወግ አልነበረም፤ ልጅ ሆና ጠጥታዋለች። የዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል በድረ ገጹ ካስቀመጣቸው የውሃ ቀለም ሥዕሎች መካከል ኮሶን ሳገኝ ታዲያ ግራ ገባኝ። ቁልቁል የተንዠረገገ የአበባ ዘለላ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሾለ ቅጠሎች። ይሄ ነው እንግዲህ ያ መራራ ነገር!

ሥዕሉ የሉዊጂ ባሉጋኒ ነው፤ የቦሎኛ ሰው፣ በትምህርቱ የሕንፃ ነዳፊ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቀጥሮት ከሰሜን አፍሪካ ፍርስራሾች ጀምሮ ጎንደር ድረስ ይዞት መጣ። በ1790 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባለ አምስት ቅጹ የጉዞ መጽሐፍ በኤድንብራ ሲታተም ግን ሥዕሎቹ የብሩስ ሆነው ቀረቡ። ይባስ ብሎ ባሉጋኒ ወደ ዓባይ ምንጭ ከመሄዳችን በፊት ሞተ ብሎ ጻፈ። ባሉጋኒ ግን በኅዳር 1770 ግሽ ድረስ አብሮት ነበር፤ ጎንደር ላይ የሞተው በ1771 ነው።

በእኛ ሙያ እያንዳንዱን የኮድ መስመር ማን እንደጻፈው ጊት ይመዘግባል። ብሩስ ያደረገው መዝገቡን ደልዞ ሁሉንም በራሱ ስም መልሶ ማስገባት ነው። የሠራሁት ሥራ በሌላ ሰው ስም ሲቀርብ ቁጭ ብዬ ያየሁበት ቀን ስላለ፣ እዚህ ላይ ገለልተኛ ዳኛ ነኝ አልልም።

«ማንም ይሳለው፣ ኮሶ ኮሶ ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። የብሩስ ነው ብለን ስናየው የአንድ መንገደኛ ትርፍ ጊዜ ሥራ ይመስላል። የሕንፃ ነዳፊ እጅ መሆኑን ስናውቅ ግን ያ ጥብቅ መስመር ትርጉም ያገኛል፦ ቅጠሎቹ በዘንጉ ላይ የተደረደሩት እንደ ዓምድ በልክ ነው፤ አንዱ ሌላውን እንዲሸፍን አይፈቀድለትም። ለእኔ የሥዕሉ ውበት ከቀለሙ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ጉድለትም አለው። እንሰትን ከሥሯ እስከ ቅጠሏ ጫፍ አቁሞ የሳለ እጅ ከኮሶ የሰጠን ቅርንጫፍ ብቻ ነው። የዘመኑ ደንብ ነው፤ ዕፅን ለመለየት የሚያስፈልገው አበባና ቅጠል ነውና። ግን ዋጋ አስከፍሏል። ብሩስ ኮሶ ከ20 ጫማ እምብዛም አይበልጥም ብሎ ጽፏል፤ 20 ሜትር የሚደርስ ዛፍ እኮ ነው! ሙሉው ዛፍ ቢሳል ኖሮ አጠገቡ የቆመ ሰው ቁመት ብቻ ጽሑፉን ይከራከረው ነበር። ኮሶ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ከጥዱ ጋር እንደሚተከልም ብሩስ በቃል ይነግረናል። በሥዕሉ ላይ ግን ቤተ ክርስቲያንም፣ ጥድም፣ መሬትም የለም፤ ነጭ ወረቀት ብቻ።

የስሙስ ነገር? ብሩስ ዛፉን ለጆሴፍ ባንክስ ክብር ባንክሲያ አለው፤ ስሙ አስቀድሞ ለአውስትራሊያ ዕፆች ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም። በ1791 ግመሊን ሃጌኒያ አቢሲኒካ ብሎ ሰየመው፤ ሃጌን የኮኒግስበርግ ምሁር ነበር። በሙሉው ሳይንሳዊ አጻጻፍ ብሩስ ዛሬም በቅንፍ አለ። ዋጊኖስማ ጭራሽ ብሩሲያ ተብሏል።

ባሉጋኒን የምናገኘው በሥዕሎቹ መግለጫ ላይ ነው፤ ኮሶ ብለው የሚጠሩትን ሰዎች ደግሞ ብሩስ ራሱ በላቲን ፊደል በጻፈው «ኩሶ» ውስጥ።