ከአገጭ በላይ

ታካሚዎቼ ጣታቸውን የሚያሳርፉት አገጫቸው ላይ ነው፤ «ይቺን ወደ መሃል መልሱልኝ» ይላሉ። ችግሩ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ከጆሮ ፊት፣ መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

በሕፃንነቱ በአገጩ የወደቀ ወይም ጆሮው ክፉኛ ያመረቀዘ ልጅ መገጣጠሚያው ሊጣበቅ ይችላል። ያ ወገን ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጤነኛው ያድጋል፣ አገጩ ወደ ታመመው ይዞራል። እዚህ ላይ ዓይን ይሸወዳል፤ የታመመው ጉንጭ ሞላ ብሎ ያምራል፣ ጤነኛው ተለጥጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። እናቶች «በዚህ በኩል ከሳብኝ» ብለው የሚያሳዩኝ ደህናውን ጉንጭ ነው። የመንጋጋው ራስ በአንድ ወገን ከልክ በላይ ሲያድግ ደግሞ አገጩ ከታመመው ወገን ይሸሻል።

ጉሮሮ የምናይበትን ጠፍጣፋ እንጨት ታካሚው በመንጋጋ ጥርሶቹ ነክሶ እንዲይዝ አደርጋለሁ፤ ፊት ለፊቱ ቆሜ ከዓይኖቹ መስመር ጋር አስተያየዋለሁ። ካዘነበለ የላይኛውም መንጋጋ አብሮ ተዛብቷል፤ ታችኛውን ብቻ መቁረጥ አይበቃም። ሲቲ ስካኑ ልዩነቱን በሚሊሜትር ይነግረኛል፣ እንጨቱን ግን አልተውም።

ከመቁረጥ በፊት እድገቱ መቆሙን ማወቅ የግድ ነው፤ ካልቆመ ያቃናነው ተመልሶ ይጣመማል። የአጥንት ስካን ይረዳል፤ የመታወቂያና የትምህርት ቤት ፎቶም ጠማማነቱ መቼ እንደጀመረ ያሳያል። የሠርግ ቀን ለቆረጠ ሰው «እንጠብቅ» ማለት ከቀዶ ጥገናው ይከብደኛል።

ዛሬ የምንሠራበት ዋናው ዘዴ ቀዶ ሐኪሞቹ ትራውነርና ኦብቬጌዘር እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተሙት ነው። በአፍ ውስጥ ስለምንገባ ፊት ላይ ጠባሳ አይኖርም። አጥንቱ በውፍረቱ ይሰነጠቅና ጥርስ የተሸከመው ክፍል ይንሸራተታል። መንጋጋው ሲዞር ግን የተሰነጠቁት ክፍሎች በአንድ ወገን ጫፍ ለጫፍ ይገፋፋሉ። የሚጋጨውን አጥንት ሳይሞርዱ በብሎን ማጥበቅ የመንጋጋውን ራስ ከተቀመጠበት ጎድጓዳ ያፈናቅላል፤ ጥድፊያ የሚጎዳው እዚህ ነው።

በስንጥቁ መሃል የታችኛው ከንፈር ነርቭ ያልፋል። ከንፈሩ ለወራት ሊደነዝዝ፣ አንዳንዴም እንደነበረ ላይመለስ እንደሚችል ሳልናገር አላስፈርምም፤ «ሻይ ሲፈስብሽ ላይታወቅሽ ይችላል» እላለሁ። አንዲት መምህርት ይህን ሰምታ «ጠማማነቱን ለምጄዋለሁ» ብላ ተመለሰች። ማኘኳም ንግግሯም ደህና ስለነበር አልተከራከርኳትም።